ሁለት እጥፍ ወረቀት

አማቴ ልጃቸውን ሰጡኝ፤ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ግን ከለከሉኝ። ይህን ስናገር የሚስቁብኝ አሉ። ይሳቁ። እኔ ግን ጠጉሬ ነጥቶም ስለዚያች ወረቀት ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ላውራው።

በጃንሆይ ዘመን፣ ወደ መጨረሻው ግድም፣ ዲላ ላይ የጠመንጃ እንጨት ሠራተኛ ነበርኩ። ጠመንጃ ሠራተኛ አላልኩም፣ ልብ በሉልኝ። ብረቱ ባሕር ተሻግሮ ተሠርቶ የሚመጣ ነው። የእኛ ሥራ ብረቱ የሚተኛበት እንጨት ነው፤ ከሰደፉ ጀምሮ እስከ አፈሙዙ አጠገብ ድረስ ያለው። እንጨት ይሰነጠቃል፤ ምስጥ ይበላዋል፤ ባለቤቱ ጠጅ ጠጥቶ ሰው መታሁ ብሎ ድንጋይ ይመታበታል። ያን ጊዜ ወደ አማቴ ሱቅ ይመጣል። ከይርጋጨፌም ከገደብም እየመጡ ደጃችን ላይ ይቀመጡ ነበር። አማቴ የሠሩት ጠመንጃ ክረምት ከበጋ ዝንፍ አይልም ይባል ነበር፤ እውነትም አይልም።

አማቴ የሰሜን ሰው ነበሩ፤ አባታቸው ከዘመቻ ጋር መጥተው እዚሁ የቀሩ። እኔ ደግሞ ከወናጎ በላይ ካለ መንደር የወጣሁ የጌዴኦ ልጅ ነኝ። አባቴ ጭሰኛ ነበር፤ ባለርስቱ ሲመጣ ዝናብም ቢሆን ቆሞ ነው የሚያነጋግረው። በዚያ ዘመን የእነሱ ቤት ለእኛ ቤት ሴት ልጅ አይሰጥም ነበር። አማቴ ሲሰጡኝ ሰፈሩ ሁሉ ምን ነካቸው አለ። እሳቸው ለጠየቃቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነበር፤ እጁን አይቼ ነው ይላሉ። እግዜር ያሳያችሁ፣ እንዲህ ከተባለልኝ በኋላ ለእኚህ ሰው የማልሆነው ነገር ምን አለ? ውሃ ውስጥ ግባ ቢሉኝ እገባ ነበር።

ስምንት ዓመት አብሬያቸው ሠራሁ። የብረቱን ሆድ ኩራዝ ላይ ይዘን በጥላሸት እናጠቁረዋለን። ከዚያ እንጨቱ ውስጥ አስተኝተን እንጫነዋለን። ስናነሣው ብረቱ የነካው ቦታ ብቻ ጠቁሮ ይቀራል። የጠቆረውን በመሮ እንፍቃለን፤ እንደገና እናጠቁራለን፤ እንደገና እናስተኛለን። አንድ ጠመንጃ ሃምሳ ጊዜም ስድሳ ጊዜም ይገባል ይወጣል። ብረቱ ከሥር ትንሽ ጥርስ አለው፤ ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚገፋውን ኃይል የሚችለው ያ ጥርስ ነው። የጥርሱ ጉድጓድ በፀጉር ያህል እንኳ ከሰፋ ጠመንጃው አበደ ማለት ነው። ይህን ሁሉ አስተማሩኝ። መሮ አያያዝ፣ እንጨት አመራረጥ፣ ሦስት ዓመት ጥላ ውስጥ የደረቀ ዋንዛ ከአንድ ዓመቱ በድምፁ እንዴት እንደሚለይ፣ ምንም አልቀረም ብዬ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ነበር። እኔ የጨረስኩት ጠመንጃ ለባለቤቱ ወዲያው አይሰጥም፤ ቅዳሜ ከሰዓትን ይጠብቃል። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አማቴ እጃቸውንና ፊታቸውን ይታጠባሉ፤ ነጠላቸውን ያጣፋሉ፤ ልጃቸው፣ ኋላ ሚስቴ የሆነችው፣ ኩራዙን ይዛ አብራቸው ትገባለች፤ በሩ ይቀረቀራል። መጀመሪያ ጊዜ ምን እንደሚሠሩ ስጠይቃቸው፣ ጸሎት አለበት አሉኝ። በቃ። ጸሎት የተባለ ነገር እኮ በቀዳዳ አይታይም። አዲስ ክርስቲያን ነበርኩ፤ ለጸሎት የነበረኝ ፍርሃት የጉድ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሲሆን ራቅ ብዬ የቡና ዛፍ ሥር እቀመጥ ነበር፣ ኮቴዬ እንዳይረብሻቸው። ስለ ልጃቸው ደግሞ ምንም አላሰብኩም። ኩራዝ ትይዛለች፤ ሴት ስለ ጠመንጃ ምን ታውቃለች ብዬ።

በስምንተኛው ዓመት መርቀው ለቀቁኝ። ሙያው አሁን በእጅህ ነው አሉና ግንባሬን ሳሙኝ። አለቀስኩ። መኪና መቆሚያው አጠገብ ትንሽ ሱቅ ከፍቼ ሥራ ጀመርኩ። በጋውን ሁሉ ጠመንጃዎቼ የተባለውን ይመቱ ነበር። ዝናቡ ሲገባ ጉድ ፈላ። አንዱ ወደ ግራ ይስታል፤ ሌላው ወደ ላይ። ባለቤቶቹ እየተሳደቡ መመለስ ጀመሩ።

እኔ ምን አልኩ? ጸሎት ጎደለበት አልኩ! እንደ እሳቸው ቅዳሜን ጠብቄ፣ ታጥቤ፣ በሩን ቀርቅሬ ጠመንጃው ላይ ዳዊት ደገምኩ። ዳዊቱ አልበቃ ሲል ከቤተ ክርስቲያን ጸበል አምጥቼ እንጨቱን ከላይ እስከ ታች ረጨሁት። አሁን ሳስበው በአንድ ዓይኔ አለቅሳለሁ፣ በአንድ ዓይኔ እስቃለሁ። እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ እያበጠ፣ በርሜሉን እየገፋ ነው የሚያስተው። እኔ ደግሞ ውሃ እጨምርለታለሁ። ካህኑ እንኳ አንድ ቀን፣ ልጄ ይህ ጠመንጃ ከሰው ይልቅ ተጠመቀ ብለውኛል።

እንግዲህ በዚህ መሀል ነው ታላቅ ወንድሜ የመጣው። መንደሩ ነጭ ለባሽ፣ የአገር ጠባቂ፣ እንዲሆን መርጦታል፤ ከእኛ ወገን የመጀመሪያው ነበር። ጠመንጃ የያዘ ጌዴኦ ያኔ በጣት የሚቆጠር ነው። የሰጡት ሰደፉ ሁለት ቦታ የተሰበረ አሮጌ ቤልጅግ ነበር፤ ቢሆንም ጠመንጃ ነው። ነገሩ ግን አላለቀም። በሚያዝያ ወር ወናጎ ሜዳ ላይ በገዥው ፊት ሦስት ጥይት ይተኩሳል። ሁለቱን ከመታ ጠመንጃውም ሹመቱም ይጸናለታል። ከሳተ ለተከታዩ ሰው ይሰጣል። ወንድሜ ሱቄ ውስጥ ተቀምጦ፣ ስብርባሪውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ከርከሮ እንሰቱን ከሥሩ እየገለበጠ እንደጨረሰበት ነገረኝ። ከዚያ አባታችን ባለርስት ፊት አንድ ቀን እንኳ ሳይቀመጥ መሞቱን አስታወሰኝ። ጠመንጃ የያዘን ሰው ተቀመጥ ይሉታል አለኝ። ለእኔ ይህ በቂ ነበር።

እንጨቱን ጠርቤ ካወጣሁ በኋላ ብረቱን እንዴት ላስተኛው የሚለው እንቅልፍ ነሳኝ። ሦስት መንገድ ነበር። አንደኛው የተማርኩት ነው፤ እንጨቱ ብረቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዲያቅፈው እያጠቆሩ መፋቅ። ሁለተኛው ከብረቱ ሆድ ሥር ስስ ቆዳ ማንጠፍ ነው፤ አንዳንድ የወታደር ሠራተኞች ያደርጉታል፤ ቆዳ ግን ይጨመቅና ብሎኑ ይላላል። ሦስተኛው አዲስ መጥ ነበር። የዕቃ መደብሩ ባለቤት ሁለት ቱቦ ያለው ሙጫ ከአዲስ አበባ አስመጥቶ፣ ሁለቱን አደባልቀህ ሰጋቱራ ጨምርበትና ብረቱን ተክለህ እደር፣ ጠዋት ድንጋይ ሆኖ ይጠብቅሃል ይለኝ ነበር። አንድ ጥንድ ገዝቼ በቁራጭ እንጨትና በአሮጌ ብረት ሞከርኩት። እውነትም ድንጋይ ሆነ፤ ብረቱ ግን አልወጣ አለኝ። በመዶሻ ስለው እንጨቱ ለሁለት ተከፈለ። ብረቱን ቀድሞ ሰም መቀባት እንደነበረብኝ ማን ነግሮኝ? በወንድሜ ጠመንጃ ላይ እንዲህ ያለ ዕጣ አልጥልም ብዬ ተውኩት።

ግራ ሲገባኝ ወደ አማቴ ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። ጠመንጃውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጬ የማን እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚተኮስ ሁሉንም ነገርኳቸው። የእኔ ጠመንጃዎች ዝናብ ላይ እንደሚያሳፍሩኝም ሳልደብቅ ተናገርኩ። ከዚያ በርሜሉን ዳር እስከ ዳር አጥብቄ ልያዘው ወይስ ትንሽ ላላላው ብዬ ጠየቅኳቸው። ይህች ሐሳብ ብልጭ ያለችብኝ በራሴ ነበር። ደፍሬ ግን ሳልጠይቃቸው አላደርጋትም።

ጣታቸውን በእንጨቱ ላይ ቀስ ብለው አስኬዱ።

"አጥብቀው" አሉኝ። "አየር የሚገባበት እንኳ አይኑር። ጸሎቱን እኔ አደርስልሃለሁ።"

እጃቸውን ሳምኩ። አያችሁ፣ ሳምኩት እኮ!

አሥራ ሁለት ቀን ሠራሁት። እንደዚያ ያለ ሥራ ከዚያ በፊት አልሠራሁም። እንጨቱና ብረቱ አብረው የበቀሉ ይመስሉ ነበር። የጨረስኩ ዕለት ጓሮ ፀሐይ ላይ የተልባ ዘይት ስቀባው ሚስቴ ቡና ከምታሰጣበት ተነሥታ መጣች። እንጨቱ በርሜሉን የሚነካበት ላይ ጥፍሯን አስኬደች። ጨረስከው? አለችኝ። ጨረስኩት አልኳት። ምንም ሳትል ወደ ቡናዋ ተመለሰች። ዝምታዋን በሥራዬ ተደንቃ ነው ብዬ ተረጎምኩት። ሞኝ ሰው ለራሱ የሚተረጉመው ነገር አያጣም።

ከቀኑ በፊት ሦስት ቀን ሙሉ ዘነበ። ወንድሜ ጠመንጃውን በኮባ ጠቅልሎ፣ እንደ ሕፃን አቅፎ ወናጎ ድረስ በእግሩ ወረደ። ሜዳው ላይ በኖራ የተቀባ ጣውላ ተተክሏል። ገዥው ድንኳን ሥር ናቸው። አማቴም በባለሙያነታቸው ተጠርተው ከሽማግሌዎች ጋር ጃንጥላ ሥር ተቀምጠዋል። የወንድሜ ሚስት እንኳ ነጭ ልብሷን ለብሳ መጥታ ነበር።

የመጀመሪያው ጥይት ከጣውላው ግራ በኩል ጭቃ አነሣ። ሁለተኛው እዚያው ጭቃ ላይ። ሰው መንጫጫት ጀመረ። ወንድሜ ዞሮ አየኝ፤ እኔም እጄን አወዛወዝኩለት፤ ምን ማለቴ እንደነበር እኔም አላውቅ። ሦስተኛውን አጥብቆ፣ ትንፋሹን ይዞ ተኮሰ። ያው ግራ። ተከታዩ ሰው በአንድ ፖሊስ ጠመንጃ ተኩሶ ሁለቱን መታ። ይህ ሰው የሰሜን ሰዎች ወገን ነው፤ ከአማቴ ቤት ጋርም ይጠያየቃል። የወንድሜን ቤልጅግ ከእጁ ተቀብለው ለእሱ ሰጡት።

አማቴን አየኋቸው። የሚያዩት የጫማቸውን ጫፍ ነበር። ስንመለስ ትከሻዬን ያዝ አድርገው አይዞህ፣ የእግዜር ፈቃድ ነው አሉኝ። ወንድሜ ደግሞ አንድም ክፉ ቃል አልተነፈሰም። "እጄ ነው፤ እጄ ተንቀጠቀጠ" አለኝ፤ ጭራሽ እኔን አጽናንቶ ወደ ላይ ሄደ። ያን ቀን ቢሰድበኝ ኖሮ ዛሬ ይቀልለኝ ነበር።

በጥቅምት አማቴ አልጋ ላይ ዋሉ። ቤቱ በጠያቂ ሲሞላ የራሳቸውን ጠመንጃ እኔ ቤት እንዳኖረው ላኩልኝ። ይህን ጠመንጃ እጄ ነክቶት አያውቅም ነበር። ጧት በር ላይ አውጥቼ ስወለውለው ፀሐይዋ ከፊት ለፊት መታችውና በበርሜሉና በእንጨቱ መካከል ክር የምታህል ብርሃን አየሁ። መጀመሪያ እንጨቱ አርጅቶ ሸሸ ብዬ አዘንኩ። ቀጥዬ ሌላውን ጎን አየሁ፤ ያው ክር። አንድ ጎን ቢሆን እርጅና ነው። በሁለቱም ጎን እኩል የሆነ ነገር ግን የሰው እጅ ነው።

ከልጄ ደብተር ወረቀት ቀድጄ ጠርዙን በርሜሉ ሥር አስገባሁት። ገባ። ሳብኩት፤ ወደ ታች ሄደ፣ ሄደ፣ ጥርሱ ያለበት ደረት ጋ ሲደርስ ቀጥ አለ። ከደረቱ ወደ ኋላ ያለው ብረት እንደ ተቸነከረ ነው፤ ከደረቱ ወደፊት በርሜሉ እንጨቱን ጭራሽ አይነካም። እንጨቱ ቢያብጥ ምን ይገፋል? ምንም። ስምንት ዓመት ቡና ዛፍ ሥር የተቀመጥኩባቸው ቅዳሜዎች አንድ በአንድ መጡብኝ።

ሚስቴን ጠራኋት። ዕቃ እያጠበች ነበርና እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። አልተቆጣሁም፤ ላሳያት ብቻ ነው የፈለግሁት፤ እሷም እንደ እኔ የተታለለች መስሎኛል። ተመልከቺ፣ አባትሽ ወረቀት ያህል ትተውለታል አልኳት። ወረቀቱን አስገብቼ ሳሳያት ከእጄ ወሰደችው፤ ለሁለት አጠፈችው፤ አጣጥፋ አስገባችው፤ እስከ ደረቱ አንሸራተተችው።

"በአንድ እጥፍ አይሆንም" አለች። "ዝናብ ሲመታው ይነካል። ሁለት እጥፍ ነው።"

ከዚያ ያለችውን ሰማችው። ወረቀቱን እንደ ያዘች ቀረች።

ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው አልኳት። መልሱ ከባድ አልነበረም፤ ከልጅነቷ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በሩ ሲቀረቀር አባቷ የበርሜሉን መተኛ በብርጭቆ ስባሪ ይፍቃሉ፤ እሷ ወረቀቱን አጥፋ ትለካለች። ጸሎት የሚባል ነገር አልነበረም። የሠርጋችን ዕለት ጧት፣ የአባቷን ጉልበት ስማ ስትነሣ፣ ከምርቃቱ ጋር ወንጌል አስይዘው አስማሏት፤ ይህችን ነገር ለባዳ እንዳትነግሪ ብለው። እኔ ያን ሰዓት ሙሽራ ሆኜ፣ ከሚዜዎቼ ጋር እየተዘፈነልኝ፣ ወደዚያ ቤት እየመጣሁ ነበር።

"ባዳው ማነው?" አልኳት።

"ያኔ አንተ ነበርክ።"

"ዛሬስ?"

ወረቀቱን መዳፌ ላይ አድርጋ ወደ ዕቃዋ ተመለሰች። ሦስት ልጅ ወልደናል፤ አልመለሰችልኝም። የወንድሜን ጠመንጃ በጥፍሯ ስትዳስስ፣ ወንድሜ ዒላማውን እንደሚስት እያወቀች ነበር ወደ ቡናዋ የተመለሰችው። ከአባቷ ይልቅ እሷ ናት የገደለችኝ።

ወረቀቱን ይዤ በቀጥታ ወደ አማቴ ሄድኩ። ጠያቂው ለምሳ ወጥቶ ብቻቸውን ነበሩ። የታጠፈውን ወረቀት ብርድ ልብሳቸው ላይ አስቀመጥኩት። አዩት። ተሳስቻለሁ ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ።

"ለልጄ ነበር" አሉ።

ወንዱ ልጃቸው አዲስ አበባ ቢሮ ጸሐፊ ነው። መሮ ጨብጦ አያውቅም፤ ለመጨበጥም ሐሳብ የለውም፤ ዲላ ከመጣ አራት ዓመት ሆኖታል። ይህን ነገርኳቸው። ወንድሜንም አነሣሁባቸው፤ በረንዳው ላይ አጥብቀው ያሉኝን ቃል ቃሉን ደገምኩላቸው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

"አንተማ እጅ አለህ" አሉኝ። "እሱ ምን አለው? ተመልሶ ቢመጣ አንዲት ነገር ትቆየው ብዬ ነው።"

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከገና በፊት ሞቱ። ልጃቸው ለቀብር መጥቶ በማግሥቱ ተመለሰ። ቃሬዛቸውን ከፊት ሆኜ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ አማች ማን አለው እያለ ሲያመሰግነኝ ነበር።

ያኔ ወደ ወንድሜ ወጥቼ መንገር ነበረብኝ። አልሄድኩም። ስምንት ዓመት በጸሎት ተሸወድኩ ብሎ መናገር አሳፈረኝ፤ በሐዘን ላይ ያለ ቤት ነውር ማውጣትም ከበደኝ። ዛሬ ነገ ስል ያ ጠመንጃውን የወሰደ ሰው ሱቄ መጣ። ቤልጅጉ ወደ ግራ ይስታል፣ አስተካክልልኝ አለኝ። አልሠራም ማለት እችል ነበር። ግን እውነቱን ልናገር፤ ማየት ፈለግሁ። ሁለት እጥፍ ወረቀት ያን ሁሉ ዓመት የበላኝ ነገር መሆኑን በዓይኔ ማየት ፈለግሁ። በብርጭቆ ስባሪ የበርሜሉን መተኛ አራት ቀን ፋቅሁ፤ ወረቀቷ ከአፈሙዝ እስከ ደረት ስትንሸራተት ዘይት ቀብቼ ሰጠሁት።

በሚያዝያ ባለጠመንጃዎቹ እንደገና ተፈተኑ። ዝናቡም እንዳምናው ነው። ሰውዬው በወንድሜ ጠመንጃ ሦስት ተኩሶ ሦስቱንም መታ። ደስታው ገንፍሎ በሰው ፊት እኔን እያሳየ የዚህ ሰው እጅ ይባረክ ብሎ ጮኸ። ወንድሜ ከሰው መሀል ቆሞ ነበር።

በማግሥቱ ሱቄ መጣ። አልተቀመጠም።

"ያው ጠመንጃ ነው?" አለኝ።

"ያው ነው።"

"ያው እንጨት?"

"ያው እንጨት። ጋሼ፣ ያኔ አላውቅም ነበር። አማቴ ደብቀውኝ ነው።"

"ስምንት ዓመት እሳቸው ቤት በልተህ፣ ልጃቸውን አግብተህ፣ አታውቅም?" አለኝ። "ዓመቱን ሙሉ እጄ ነው እያልኩ እጄን ስጠላ ኖርኩ። ለካ ለሚስትህ ወገን ሸጠኸኝ ነው።"

ብምል ብገዘት አልሰማኝ አለ። እውነቴን ነው የምለው፣ በእሱ ቦታ ብሆን እኔም አላምነኝም ነበር። ነገሩን ወደ ሶንጎ፣ የመንደራችን ሽማግሌዎች ተቀምጠው ወደሚዳኙበት ዛፍ ሥር ወሰደው። እኔ አንድ ምስክር ብቻ ነበረኝ። ሚስቴን ለመንኳት። አለቀሰች፤ ቀኑ ሲደርስ ግን ጥቁር ልብሷን ለብሳ አብራኝ ተነሣች። ከወናጎ ወደ ላይ ስንወጣ፣ ትናገሪያለሽ ወይ አልኳት። እናገራለሁ አለችኝ። ልቤ በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ዐረፈ።

ሽማግሌዎቹ ወንድሜን ሰሙ፤ እኔንም ሰሙ። ስለ ወረቀቷ፣ ስለ ቅዳሜው፣ ስለ መሐላው ሁሉንም ተናገርኩ። ትልቁ ሽማግሌ ወደ ሚስቴ ዞረው በአማርኛ፣ ልጄ፣ ባልሽ የሚለው እውነት ነው? አባትሽ ይህን ሲሠሩ አይተሻል? ብለው ጠየቋት። ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። ወንድሜ እንኳ አንገቱን ቀና አድርጎ እሷን ያይ ነበር። እውነት የሚናገር ሰው ከመጣ ሊያምን ፈልጎ እንደነበር ከፊቱ አይቻለሁ።

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

"እኔ ሴት ነኝ" አለች። "ስለ ጠመንጃ ምን አውቃለሁ?"

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እውነቷን ነው አሉ። እኔ ራሴ ያን ያህል ዓመት እንደዚያው ስል አልነበር? ወንድሜ ተነሥቶ ጭራውን አነሣና ሄደ። ሽማግሌዎቹ ይቅር ተባባሉ ብለው ሣር ሊያስይዙን ቢሞክሩ የሚይዝላቸው አልነበረም።

ቁልቁል ስንወርድ ለምን አልኳት። የአባቴ ሙት ዓመት ሳይወጣ፣ በሰው አገር፣ በሰው ፊት ሌባ ነበሩ እንድል ፈለግህ? አለችኝ። እውነት አላት። ያም ሆኖ አልማርኳትም። አብረን ኖርን፤ ልጆቻችንን ዳርን፤ ጠመንጃ ሲመጣልኝ ወረቀቱን ራሴ አጠፍኩ። ከቤት ስታልፍ ታያለች፤ ትክክል መታጠፉንም ታውቃለች፤ አንድም ቀን ስለ እሱ አልተነጋገርንም።

ወንድሜ ከብዙ ዓመት በኋላ ሞተ። ቀብሩ ላይ ቃሬዛውን ልይዝ ስጠጋ ልጆቹ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቦታ አሳጡኝ። አንደኛው ቀስ ብሎ፣ የአማትህን ተሸክመሃል፣ ይበቃሃል አለኝ። ከኋላ ቀርቼ ከሕዝቡ ጋር ተከተልኩ፤ ሚስቴ አጠገቤ ነበረች።